በሁለት ጦር ውስጥ የነበሩት ጎረቤታችን

ባለፈው ሳምንት ከዳሊ ሲቲ ወደ ኦክላንድ በሚመጣው ባቡር ላይ አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት ቻይናዊት አሮጊት ከቦርሳቸው ትንሽ ጠርሙስ አወጡ። ክዳኑን ፈተው ሁለት ጠብታ ዘይት ጣታቸው ላይ አደረጉና ግንባራቸውን ግራና ቀኝ አሹት። ሽታው የቪክስ ዓይነት ነው፤ ግን ከቪክስ ይበረታል፣ ዓይን ያስነባል። ባቡሩ ከባሕሩ ሥር ባለው ዋሻ ውስጥ እየጮኸ ሲያልፍ ዓይኔን ጨፈንኩ። አሥር ዓመቴ ሆነ። ከትምህርት ቤት መጥቼ የአባባ ሊያንግን በር እያንኳኳሁ ነበር።

አባባ ሊያንግ ጎረቤታችን ነበሩ። ኦክላንድ ውስጥ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ባለች አሮጌ አፓርታማ እኛ ስድስት ቁጥር፣ እሳቸው አምስት ቁጥር። ግድግዳው አንድ ስለሆነ ሲያስሉ ይሰማናል። እማዬ ነርሲንግ ሆም ውስጥ የከሰዓት ሺፍት ነበራት፤ አባዬ ደግሞ የኤርፖርት ተሳፋሪ የሚያመላልስ ሚኒባስ ይነዳ ስለነበር ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት አይገባም። እኔ ቁልፌን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ በዘጠኝ ሰዓት እመለሳለሁ። አንድ ቀን ቁልፉ ጠፋብኝና ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሳለቅስ አባባ ሊያንግ የጎመን ከረጢታቸውን ይዘው መጡ። ምንም አልጠየቁኝም። በራቸውን ከፍተው "ካም፣ ካም" አሉና የኩሽና ወንበር ሳቡልኝ። የድስቱን ክዳን ሲያነሡ እንፋሎቱ ፊቴን ሸፈነው። ውስጡ ቅርፊት የሌለው፣ እንደ ጥጥ የነጣ ዳቦ ነበር። አንዱን ይዤ ወደ ቤት ስገባ እማዬ ቆርሳ ቀመሰችና፣

"ይሄማ ህብስት ነው! ማን አስተማራቸው?" አለች።

በማግስቱ ምስር ወጥ በሳህን ላከችላቸው። ሳህኑ ባዶውን አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ የእኔ ከሰዓት በኋላ የእሳቸው ቤት ሆነ።

"አባባ" በያቸው ያለኝ አባዬ ነው። "ሽማግሌ ሰው በስማቸው ትጠሪያለሽ እንዴ?" ብሎ ተቆጣኝ። መጀመሪያ "አባባ ሊያንግ" ስላቸው ቆም ብለው አዩኝ፤ ከዚያ ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። "ባባ" በእሳቸውም ቋንቋ አባት ማለት ነው። ሴት ልጃቸው ዩኒየን ሲቲ ሬስቶራንት ውስጥ ትሠራ ስለነበር ከእኔ በቀር ቀን ላይ "ባባ" የሚላቸው ሰው አልነበረም።

ቤታቸው የዚያ ዘይት ቤት ነበር። ጉልበታቸውን በየሁለት ሰዓቱ ይቀቡታል። ሱሪያቸውን ወደ ላይ ጠቅለል አድርገው ሲቀቡ ጉልበታቸው ላይ እንደ አሮጌ ጎማ የጠቆረና የተሸበሸበ ቆዳ አይ ነበር። "ምን ነካው?" ስላቸው "ስኖው" አሉኝ። እኔ በረዶን የማውቀው ታሆ ሐይቅ አካባቢ በትምህርት ቤት አውቶቡስ ሄደን ነው፤ ተንሸራትተው የወደቁ መሰለኝ። "ጓንትና ወፍራም ሱሪ ማድረግ ነበረብዎት" ብዬ መከርኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁ። "የስ። ጉድ አይዲያ።"

ቅዳሜ ቅዳሜ ቻይናታውን ወዳለው ፓርክ ይወስዱኝ ነበር። አባዬ ቅዳሜ እረፍቱ ስለሆነ አንዳንዴ አብሮን ይመጣል። የደረቀ ዓሣና የብርቱካን ልጣጭ የሚሸቱትን ሱቆች አልፈን ስንገባ፣ በአንድ በኩል ሴቶች ቀይ ማራገቢያ ይዘው በሙዚቃ እኩል ይዞራሉ፤ በሌላው በኩል ልጆች ባስኬት ይጫወታሉ፤ ጥግ ላይ ደግሞ የድንጋይ ጠረጴዛዎች አሉ። እዚያ ሽማግሌዎች የቻይና ቼዝ ይጫወታሉ። ጠጠሮቹ እንደ ብስኩት ክብ ናቸው። ሲያስቀምጧቸው "ቋ!" ይላሉ፤ ከሁሉም ይበልጥ የሚያጮኹት የአባባ ሊያንግ ጓደኛ ሚስተር ሱን ናቸው። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ፓርክ ሲመጡም ከረባት የሚያስሩ ሰው ነበሩ። ከኪሳቸው እየመዘዙ የሚሰጡኝ የደረቀ ፕለም መልኩ ከረሜላ ነው፤ አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ጨው ነው። መትፋት ነውር ስለሆነ ሁለት ወር ሙሉ በየሳምንቱ አንድ አንድ ዋጥኩ።

"እኔና ሱን አንድ ጦር ውስጥ ነበርን" ብለውኛል አባባ ሊያንግ። ጓደኝነታቸው በዚህ ነው የጀመረው። ሚስተር ሱን ሲሸነፉ ጠጠሮቹን እየሰበሰቡ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ለአባዬ ስለ አንድ የበረዶ ክረምት ብዙ ያወሩ ነበር። አባባ ሊያንግ ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ያዳምጣሉ፤ እሳቸው ግን ስለዚያ ክረምት ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም።

በዚያው ፀደይ አስተማሪያችን አንድ ፕሮጀክት ሰጠችን። ታሪክ ያየ ትልቅ ሰው ኢንተርቪው አድርገን፣ ጽፈን፣ ትምህርት ሊዘጋ ሲል በወላጆች ፊት ማንበብ ነበረብን። መጀመሪያ የጠየቅኩት አባዬን ነው። ወታደር እንደነበረ አውቃለሁ፤ እማዬ አንድ ጊዜ በስልክ ስትናገር ሰምቻለሁ።

"አባዬ፣ አንተን ኢንተርቪው ላድርግህ?"

ጫማውን እየፈታ ነበር። "ሌላ ሰው ፈልጊ" አለ።

"ግን እኮ አንተ ወታደር..."

"ሜሮን፣ ሌላ ሰው ፈልጊ አልኩሽ።"

ሌላው ሰው ግድግዳው ማዶ ነበር።

አባባ ሊያንግ ለኢንተርቪው ሸሚዝ ቀየሩ። ጠረጴዛውን ወልውለው፣ ሻይ ቀድተው፣ እጃቸውን አጣምረው እንደ ተማሪ ተቀመጡ። እንግሊዝኛቸው አጭር ስለሆነ ዓረፍተ ነገሩን ቀስ ብለው ነበር የሚሠሩት፤ እኔ ደግሞ ቀስ ብዬ እጽፋለሁ። አገራቸው ውስጥ የእርስ በርስ ጦርነት ነበር አሉኝ፤ ሲቪል ዋር። "ሲቪል" የሚለውን ቃል የማውቀው ከአጎቴ ነው። አጎቴ ሲቪል ኢንጂነር ስለሆነ ጠቡ የድልድይ ጉዳይ መሰለኝ። በአንድ በኩል ናሽናሊስቶቹ፣ በሌላው በኩል ኮሚኒስቶቹ ነበሩ። ኮሚኒስት ማለት ኮሚዩኒቲ ሴንተር ውስጥ የሚሠራ ሰው ነበር ለእኔ፤ ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ከሰዓት በኋላ መክሰስ ያድላሉ።

ዐሥራ ሰባት ዓመታቸው እያለ ስንዴ ሲያጭዱ የናሽናሊስቶቹ ወታደሮች መጡ። የመንደሩን ወጣቶች ሰብስበው በአንድ ገመድ ይዘዋቸው ሄዱ።

"በገመድ?"

"ሎንግ ሮፕ። ኦል ቦይስ።"

እኛም ኬጂ እያለን ፓርክ ስንሄድ እንዳንጠፋ አንድ ረጅም ገመድ ይዘን ነበር የምንሄደው። ስለዚህ ደብተሬ ላይ "እንዳይጠፉ ገመድ ሰጧቸው" ብዬ ጻፍኩ።

ብርዱ ሊገባ ሲል በጦርነት ተማረኩ። ያኛው ወገን፣ ኮሚኒስቶቹ፣ ምግብ ሰጧቸውና "አሁን የእኛ ነህ" አሏቸው። ጠዋት የአንዱ ቆብ፣ ማታ የሌላው ቆብ። አባባ ሊያንግ በእጃቸው ቆብ አውልቀው ሌላ ሲያጠልቁ አሳዩኝ። ጠመንጃውም ያው የድሮው ነው፤ የዞረበት አቅጣጫ ብቻ ተለወጠ። ከዚያ የድሮ ጓዶቻቸው በበረዶ ውስጥ ተከበቡ። ወራት ሙሉ የሚበላ የለም። አባባ ሊያንግን ደግሞ አነጋገራቸው ከተከበቡት ጋር አንድ ስለሆነ በቆርቆሮ የተሠራ መለከት ሰጥተው፣ ጉድጓድ ውስጥ አስተኝተው፣ ወደ ማዶ እንዲጮሁ አዘዟቸው፦ ኑ፣ ዳቦ አለ።

"መጡ?"

"ሰም ካም።"

በኋላ ኮሚኒስቶቹ አሸነፉ፤ አባባ ሊያንግም ከአሸናፊዎቹ ጋር ተሰለፉ። እኔ በጣም ተደነቅኩ። ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው ተዛውሮ ዋንጫ እንደሚያነሣ ተጫዋች ነበር የታዩኝ። እየጻፍኩ ሳለ እጃቸውን ደብተሬ ላይ አደረጉ።

"ይሄኛው... ኖ ኒድ" አሉ። "ሁለተኛው አርሚ፣ ኖ ኒድ።"

አስተማሪያችንም እንዲሁ ነው የምትለው፤ ኖ ኒድ፣ ግን ከጨመራችሁ ኤክስትራ ክሬዲት፣ ተጨማሪ ማርክ አለ። አባባ ሊያንግ ትሕትና ያዛቸው ብዬ አሰብኩ። ሁለተኛውን ጦር በደማቅ ብዕር ጻፍኩት።

የንባቡ ቀን የትምህርት ቤቱ አዳራሽ በሰው ሞላ። እማዬ ሺፍት ለውጣ መጣች። አባዬ የቤተ ክርስቲያን ኮቱን ለብሶ መጣ። አባባ ሊያንግ ደግሞ ሚስተር ሱንን ይዘው መጡ፤ እኔ ነኝ "እሳቸውንም ይዘውልኝ ይምጡ" ያልኩት። እንግሊዝኛው እንዳያመልጣቸው አንዲት የክፍሌ ልጅ እናት በመካከላቸው ተቀምጣ በቻይንኛ በጆሯቸው ታስተረጉም ነበር።

ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩ። ገመዱን አነበብኩ፣ ሰው ሣቀ። ቆቡን አነበብኩ። "አባባ ሊያንግ መሸነፍንም ማሸነፍንም ያውቃሉ፤ ምክንያቱም በሁለቱም ጦር ውስጥ ነበሩ" አልኩ። ስለ መለከቱና ስለ ዳቦው ሳነብ ቀና አልኩ። አስተርጓሚዋ አፏን እንደከፈተች ቀርታለች። ሚስተር ሱን ወደ እሷ ሳይሆን ወደ አባባ ሊያንግ ነበር የሚያዩት። አንድ ነገር በቻይንኛ ጠየቋቸው፤ አጭር ጥያቄ። አባባ ሊያንግ ዓይናቸውን ከእኔ አላነሡም። ሚስተር ሱን ተነሡ፣ የሰዉን ጉልበት እያለፉ ወጡ።

ሽንት ቤት የሄዱ መሰለኝ። አባባ ሊያንግ እስከ መጨረሻው ተቀምጠው፣ ስጨርስ ከሁሉም በላይ አጨበጨቡልኝ።

በማግስቱ ቅዳሜ ፓርክ ሄድን። የሚስተር ሱን ወንበር ባዶ ነበር። አባባ ሊያንግ የቼዙን ከረጢት ጠረጴዛው ላይ አድርገው ሳይፈቱት ሁለት ሰዓት ተቀመጡ። ሌሎቹ ሽማግሌዎች ሰላም አላሏቸውም ማለት አልችልም፤ ግን ከሩቅ ነው ያሉት። በሳምንቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቅዳሜ ጉልበቴ አመመኝ ብለው ቀሩ። ሚስተር ሱን ሳን ሆዜ ልጃቸው ቤት መግባታቸውን ሰማን።

"ሳን ሆዜ ለምን ሄዱ?" አልኩት አባዬን። ቤት ውስጥ እኔና እሱ ብቻ ነበርን፤ የእሑድ ምሳችንን በልተን ዕቃ ያጥባል፣ እኔ አደርቃለሁ።

"በአንቺ ጽሑፍ የተነሣ ይመስለኛል።"

"ምን አጠፋሁ? ሁሉም እውነት ነው!"

"እውነት ነው።" ሳህን ሰጠኝ። "ሚስተር ሱን እኮ ከተከበቡት አንዱ ነበሩ። ጓደኛዬ የሚሏቸው ሰው ከማዶ ሆነው ሲጠሯቸው የነበሩ መሆናቸውን በአንቺ አፍ ሰሙ።"

ያን ጊዜ ነው ሁሉም ነገር የገባኝ። ገመዱም ጭምር። የደረቀውን ሳህን ደግሜ አደረቅኩት።

"አባባ ሊያንግ ውሸታም ናቸው ማለት ነው?"

አባዬ ቧንቧውን ዘጋ። እጁን ሳያደርቅ ወንበር ላይ ተቀመጠ። አባዬ ሥራ እየሠራ ካልሆነ ተቀምጦ አይቼው አላውቅም።

"እኔን ከትምህርት ቤት በር ላይ ነው ያፈሱኝ" አለ። "ከጎረቤታችን ልጅ ከዳዊት ጋር። አብረን ሰሜን ዘመትን። እኔ ተማረክሁ። ያኛው ወገን ሻይ ሰጠኝ፤ ስኳር ነበረው፤ ጣዕሙ አሁንም አፌ ላይ አለ። ከዚያ አምስት ወር ጥይት ተሸከምኩላቸው። ዳዊት ማዶ ነበር። ጦርነቱ አልቆ ቤቴ ስገባ እናቱ እትዬ አስካለ በራችን ላይ መጣች። 'ዳዊቴስ?' አለችኝ። 'አላየሁትም' አልኳት። የት እንደነበርኩ አልነገርኳትም። ከዚያ በኋላ በእሷ በር ማለፍ ትቼ በጓሮ በኩል እዞር ነበር። እዚህ እስክንመጣ ድረስ በጓሮ ዞርኩ።"

"ብታልፍ ምን ትላት ነበር?"

"ምንም። ምንም የምላት የለኝም። ግን ቁጭ አድርጋ ልትጠይቀኝ ይገባት ነበር።"

ተነሣና እጁን በሱሪው ጠርጎ ወጣ። የአምስት ቁጥር በር ሲንኳኳ በግድግዳው ሰማሁ። ተከትዬው ስገባ አባባ ሊያንግ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ጉልበታቸውን ይቀባሉ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ብከፍት እሳቸው ቀደሙኝ።

"ሜሮን ቬሪ ጉድ ራይቲንግ" አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አለቀስኩ። ባልተቀባው እጃቸው ጭንቅላቴን ነካ ነካ አደረጉ።

አባዬ በእንግሊዝኛ "ቅዳሜ ሳን ሆዜ ልውሰድዎት" አላቸው።

"ሱን ኖ ዋንት።"

"እሳቸው አይፈልጉም። እርስዎስ?"

አባባ ሊያንግ የጠርሙሱን ክዳን ለመግጠም ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው።

ሳን ሆዜ ያን ቅዳሜ በሙቀት ይነድ ነበር። ቤቱ ልክ እንደ ጎረቤቶቹ ቢጫ ነው፤ ጋራዡ ክፍት ነው፤ በር የከፈተችልን የሚስተር ሱን የልጅ ልጅ ጄኒ ናት፤ ዐሥራ አምስት ዓመት ይሆናታል፣ ማስቲካ ታኝካለች። ቤተሰቡ ገበያ ሄዷል አለችን። ሚስተር ሱን ጓሮ የሎሚ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል። ሲያዩን አልተነሡም፤ ሂዱም አላሉም። አባዬ ከወገቡ ዝቅ ብሎ በሁለት እጁ ጨበጣቸው። አባባ ሊያንግ ፊት ለፊታቸው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ጄኒ ለእኛ ስትል በእንግሊዝኛ ታስተረጉም ጀመር፤ ስትጀምር ሰልችቷት ነበር።

"ግራንድፓ 'ለምን አልነገርከኝም?' ነው የሚለው። ስድስት ዓመት ቼዝ ተጫውተናል ነው የሚለው።"

አባባ ሊያንግ መለሱ።

"ብነግርህ ከእኔ ጋር አትጫወትም ነበር ብዬ ፈራሁ፣ ነው የሚለው።"

የጎረቤት ውሃ ማጠጫ ከአጥሩ ማዶ ፂቅ ፂቅ ይላል። ከዚያ ሚስተር ሱን ቀስ ብለው ብዙ ተናገሩ፤ ጄኒ ማስቲካዋን ማኘክ አቆመች።

"ወንድም ነበረኝ፣ ታላቄ፣ ነው የሚለው... ይሄን እኔም አላውቅም ነበር። አብረው ነበር የተወሰዱት። በዚያ በረዶ ውስጥ ፈረሶቹን በልተው ጨረሱ፤ ከዚያ የዛፍ ልጣጭ። ማዶ ያለው ሰውዬ በየቀኑ ዳቦ አለ ይላል። አንድ ጠዋት ወንድሙ 'ሄጄ አመጣልሃለሁ' አለውና በደረቱ እየተሳበ ወጣ። አልተመለሰም። ተኩስ ነበር፤ ከየትኛው ወገን እንደሆነ አያውቅም። ግራንድፓ በኋላ ሸሽቶ ነው ታይዋን የገባው።"

ሚስተር ሱን ወደ ፊት ዘንበል አሉ። ግራ ጆሯቸውን ያዙ።

"የወንድሜ ግራ ጆሮ ጫፉ በብርድ ተቆርጦ ነበር፣ ነው የሚለው። ከመጡት መካከል እንደዚህ ያለ ሰው አየህ ወይ?"

አባባ ሊያንግ መሬት መሬት አዩ። እኔ በልቤ "አዎ ይበሉ፣ አዎ ይበሉ" እል ነበር። አዎ ቢሉ ሁሉም ነገር ያበቃል፤ እኛም ቤታችን እንሄዳለን፤ የእኔም ጥፋት ይሠረዛል። ሳያቸው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ፊት እየቆጠሩ ይመስል ነበር።

"አላየሁም" አሉ። ጄኒ በሹክሹክታ ነው ያስተረጎመችው። "የነበርኩት አንድ ጉድጓድ ውስጥ ነው፤ ጉድጓዶቹ ብዙ ናቸው። እኔ ጋ የደረሱት ግን በልተዋል። ቶሎ ቶሎ ከበሉ ስለሚሞቱ እጃቸውን እንይዝ ነበር። ዳቦው ውሸት አልነበረም።"

ሚስተር ሱን ጆሯቸውን ለቀቁና መለሱ።

"አየሁት ብትል አላምንህም ነበር፣ ነው የሚለው" አለች ጄኒ። ቀጥሎ የተናገሩትን ስትሰማ ግን ወደ አያቷ ዞረች፣ በቻይንኛ ተከራከረቻቸው። ሚስተር ሱን ደገሙት።

"ጩህ ነው የሚለው" አለችን። "ያኔ እንደጮህከው አሁን ጩህ። ድምፁ አንተ መሆንህን ልወቅ።"

አባዬ እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። አባባ ሊያንግ የወንበሩን እጀታ ተደግፈው ተነሡ። ጀርባቸውን ሰጥተውን ወደ አጥሩ ዞሩ፣ ሁለት እጃቸውን እንደ መለከት አፋቸው ላይ አደረጉ። መጀመሪያ የወጣው ድምፅ ሳል ነበር። ከዚያ ጮኹ። ያ በቀጭን ግድግዳ ማዶ በቀስታ ሲያንጎራጉሩ የማውቃቸው ሰው ድምፅ አልነበረም፤ ረጅም፣ መጨረሻው ወደ ላይ የሚነሣ፣ አንድ ሰው ከሩቅ እርሻ ወንድሙን ለምሳ ሲጣራ ያለ ድምፅ ነበር። የጎረቤት ውሻ ጮኸ። አንድ ሰውዬ ከአጥሩ በላይ ብቅ ብሎ አየንና ተመልሶ ገባ። አባባ ሊያንግ አላቋረጡም።

"ወንድሞች... ወደዚህ ኑ... አንተኩስም... ትኩስ ዳቦ አለ..." ጄኒ ታስተረጉም ነበር፤ ጉንጯ ላይ እንባ ይወርዳል፣ አታብሰውም።

ሚስተር ሱን ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ጩኸቱ ካበቃ በኋላም አልገለጡትም። በመጨረሻ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ።

"አንተ አይደለህም፣ ነው የሚለው" አለች ጄኒ። "የዚያኛው ድምፅ ቀጭን ነበር።"

አባባ ሊያንግ ባሉበት ቆሙ። እጃቸው አሁንም አፋቸው አጠገብ ነበር።

ሚስተር ሱን ተነሥተው ልብሳቸውን አራገፉ። ከሎሚው ዛፍ አራት ሎሚ ቀጥፈው ለአባዬ ሰጡት። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ እኛን እያዩ፣ እንደተቆጣ ሰው ነበር የተናገሩት፤

"ሂር፣ ኖ ባስ። ናቲንግ። ሳተርዴይ ፓርክ ማን ይወስደኛል?"

"እኔ" አለ አባዬ።

ስንመለስ አባባ ሊያንግ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነበርኩ። ኮረብታዎቹ በስተቀኝ ደርቀው ቢጫ ሆነዋል። ሎሚዎቹ ጭኔ ላይ ሞቀዋል። ብዙ መንገድ ከሄድን በኋላ አላስችል ስላለኝ በአማርኛ ጠየቅኩ።

"አባዬ፣ በእርግጥ የእሳቸው ድምፅ አልነበረም? ወይስ ሚስተር ሱን አዝነውላቸው ነው?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? የሰሙት እሳቸው ናቸው።"

አባባ ሊያንግ ወደ አባዬ ዞሩ። "ምን ትላለች?"

አባዬ ሊያልፈው ይችል ነበር። አላለፈውም፤ ቃል በቃል ነገራቸው። አባባ ሊያንግ ወደ መንገዱ ዞሩ። ዩኒየን ሲቲን አለፍን። ከዚያ፣

"ሱን ጆሮው አይሰማም" አሉ። "ቼዝ ስንጫወት ሁሉን ነገር ሁለቴ ነው የምነግረው።"

ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ያለቀሱ መስሎኝ በመቀመጫዎቹ መካከል አንገቴን አስግጌ ባይ እየሳቁ ነው። አባዬም ሳቀ። እኔም ምኑ እንደሚያስቅ ሳይገባኝ ሳቅኩ። የሳቁ መጨረሻ ላይ አባባ ሊያንግ መሐረብ አውጥተው ፊታቸውን ሙሉ ሸፈኑበት፣ አላነሡትም። አባዬ ቀኝ እጁን ከመሪው አንሥቶ ያ የተጎዳ ጉልበታቸው ላይ አደረገ፤ በአንድ እጁ እየነዳ ኦክላንድ ገባን።